የበረሃ አይጥ የጠጉር አለዋወጥ

ከአንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ

ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ነብር ዝንጉርጉርነት ያነሣውን ጥያቄ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። መልሱም «አይለወጥም» እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምረን ስንሰማው የኖርነው ነው። የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሰዎች ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያዩታል። ነብር በዕድሜው ውስጥ በገላው ላይ ያለውን ጠጉር ደጋግሞ ይጥላል፤ ደጋግሞም ያበቅላል። ዝንጉርጉርነቱ ጸንቶ የሚኖረው ጠጉሩ ስለማይረግፍ አይደለም፤ በረገፈው ፈንታ የሚበቅለው ጠጉር ያንኑ መልክ ይዞ ስለሚወጣ ነው እንጂ። ስለዚህ ነቢዩም አልተሳሳተም፤ መርማሪዎቹም ከእርሱ ጋር ጠብ የላቸውም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ነብር አይደለም። ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የበረሃ አይጥ ናት። «የአርትስ ተማሪ ስለ አይጥ ጠጉር ምን አገባው?» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ይህን ትምህርት ባለማወቄ በገዛ እጄ አንዲት ፍጥረት ገድያለሁ። እኔ የተማርሁት እርሷ ከሞተች በኋላ ስለ ሆነ፣ ሌላው ሰው ቀድሞ ይማር ዘንድ ነገሩን ከዚህ በታች በየተራው እገልጻለሁ።

1ኛ፤ ስለ በረሃ አይጥ በጠቅላላው

ድሬዳዋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቈረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሯ ሞቃት፣ ዙሪያዋም አሸዋና ግራር ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት የአሸዋ ጐዳና ሆኖ ከዚራን ከመጋላ ይለያል። በዚህ ደረቅ አገር ከሐዲዱም ከከተማውም አስቀድሞ የኖረ ባለ ርስት አለ፤ እርሱም የበረሃ አይጥ ነው።

በሠፈራችን ኦሮምኛ ተናጋሪው «ሐንቱታ»፣ ሶማልኛ ተናጋሪው «ጂር»፣ አማርኛ ተናጋሪውም «አይጥ» ብሎ የቤቱንና የበረሃውን በአንድ ስም ይጠራዋል። ሆኖም ሁለቱን በደንብ ለተመለከታቸው ሰው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የቤት አይጥ ጅራት ራቁቱን ሲሆን የበረሃው አይጥ ጅራት ግን በጠጉር የተሸፈነ ነው፤ በብዙዎቹም ዐይነቶች ጫፉ ላይ እንደ ጭራ ይጐፈራል። ዓይኖቹ ትልልቆች፣ የኋላ እግሮቹም ረጃጅሞች ናቸው። ቀኑን በጕድጓድ ውስጥ ተከቶ ይውልና ምድሩ ሲቀዘቅዝ ዘር ለመልቀም ይወጣል። በአገራችን ቆላ የሚኖሩትን ዐይነቶች ሊቃውንቱ ጀርቢሉስ፣ ጀርቢሊስከስና ታተሪሉስ በሚባሉ ወገኖች መድበዋቸዋል።

በውጭ አገር ሕፃናት በቤታቸው ለጨዋታ የሚያሳድጉት «ጀርቢል» ደግሞ የእነዚሁ ዘመድ ሆኖ ትውልዱ ከሞንጎልያ ነው። አርማን ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ ቄስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ከሰሜን ቻይና ወደ ፓሪስ ላኩት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሚልን ኤድዋርድስ የተባሉት ሊቅ በሳይንስ ስም መዘገቡት። የወገኑ ስም «ሜሪዮኔስ» ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ይህን ስም ስንሰማ አዲስ አይሆንብንም፤ በሆሜር «ኢልያድ» ውስጥ ለኦዲሴዎስ በከርከሮ ጥርስ የተሠራውን የራስ ቊር የሰጠው ጦረኛ ሜሪዮኔስ ነውና። በ1935 ዓ.ም. ጃፓኖች ለምርመራ ብለው ጥቂቶቹን አጥምደው አራቡ፤ በ1954 ዓ.ም. ከእነዚያ ዘሮች ወደ አሜሪካ ተላኩ። ከሐኪሞች የምርመራ ቤት ወደ ሕፃናት ቤት የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ጠጉር አለዋወጡም በብዛት የታወቀው በዚሁ በሞንጎልያው ዘር ላይ በተደረገው ክትትል ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የምሰጣቸው የቀንና የሳምንት ቊጥሮች ለእርሱ ናቸው። ጠቅላላው ሥርዐት ግን በሌሎቹም ዘመዶቹ ይታያል።

2ኛ፤ የእኛ አይጦች ወደ ቤታችን የገቡበት ምክንያት

ቤተ ሰቤ የሚኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን በሚባለው ሠፈር ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤቴ በገባሁ ሰሞን፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጎረቤታችን የአጥር መሠረት ሲያስቈፍሩ ዶማው የአይጥ ጕድጓድ አፈረሰ። እናቲቱ በዶማ ተመትታ ሞተች። በጕድጓዱም ውስጥ፣ በደረቅ ሣር በተነጠፈ ጐጆ ላይ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሁለት ልጆች ተገኙ። ሠራተኛው ሊጥላቸው ሲል የዐሥራ አንድ ዓመት እኅቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣቻቸው። ጠጉሯ ቀላ ያለውን «ዳማ»፣ አመድማዋን «ቡላ» አለቻቸው፤ ስሞቹን የወሰደችው ከፈረስ መልክ ነው።

እኅቴ ጥጥ በወተት እየነከረች አጠባቻቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይናቸው በራ። ቀጥሎም የማሽላ ፍሬ መፈልፈል ጀመሩ። እኔም ከእንጨት ሣጥን ላይ የሽቦ ወንፊት ቸንክሬ ቤት ሠራሁላቸው፤ ከታችም አሸዋ አነጠፍሁ። ማታ ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጫወቱ ያይ ነበር።

3ኛ፤ የመጀመሪያው ጠጉር

የሞንጎልያው አይጥ ልጅ ሲወለድ ክብደቱ ሦስት ግራም ያህል ብቻ ነው። ጠጉር የለውም፤ ዓይኑ አይገለጥም፤ ጆሮውም ተጣብቆ ይገኛል። ቆዳው ሐምራዊ ቀይ ሆኖ በውስጡ ያለው ወተት እንኳ ሳይቀር በሆዱ በኩል ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ጀርባው እየጠቈረ ይሄዳል፤ ይህም ጥቊረት ገና ከቆዳው ውስጥ ያልወጣው ጠጉር ቀለም ነው። ሳምንቱ ሲፈጸም እንደ አቧራ የሚመስል ስስ ጠጉር ብቅ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ገላው ይሸፈናል። ከ16ኛው እስከ 20ኛው ቀን ባለው ጊዜ ዓይኑ ይገለጣል። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ጡት ይተዋል።

ይህ የመጀመሪያው ጠጉር የሕፃን ልብስ ነው። ለስላሳና አጭር ነው፤ ጫፉ የሚያንጸባርቀው እንደ ዐዋቂው አይደለም፤ መልኩም ደብዘዝ ያለ ነው። ከጕድጓድ ለማይርቅና በእናቱ ሙቀት ለሚኖር ፍጥረት የሚበቃ ልብስ ነው። በብርድ ሌሊት ለሚዞር፣ በእሾህና በአሸዋ መካከል ለሚሮጥ ጐልማሳ ግን አይበቃም። ስለዚህ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የልጅነቱ ጠጉር መርገፍና የጐልማሳነቱ ጠጉር መብቀል ይጀምራል።

ይህ ነገር የአይጥ ብቻ አይደለም። የአንበሳ ደቦል ሲወለድ ገላው ጠቃጠቆ አለበት፤ ሲያድግ ግን ይጠፋል። የአህያም ውርንጭላ ሲወለድ ጠጉሩ የተንጨባረረ ነው፤ ቈይቶ ያንን ጥሎ የእናቱን ዐይነት ይለብሳል። እኛ ይህን ሁሉ እያየነው ስሙን ሳንጠይቅ አልፈነዋል።

4ኛ፤ እኔ የፈጸምሁት ስሕተት

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጧት ዳማን ስመለከት ደነገጥሁ። ከግንባሯ እስከ አንገቷ ያለው ጠጉር ደምቆ ሲታይ ከትከሻዋ በኋላ ያለው ግን የተዘበራረቀ ነበር። በሁለቱ መካከል በክር የተሠመረ የሚመስል መሥመር ነበረ። ከመሥመሩ አጠገብ ጠጉሩ ሳስቶ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጠቍሮ ይታያል። ስዳብሳትም ብዙ ጠጉር በጣቴ ላይ ቀረ።

«እከክ ነው» አልሁ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ምንም ሳላነብ ፈረድሁ። እከክ የያዘውን ፍየል አንዳንድ ሰዎች ላምባ እንደሚቀቡት በልጅነቴ አይቼ ስለ ነበር፣ ጨርቅ በላምባ ነክሬ ጀርባዋን አሸሁት። እኅቴ እያለቀሰች «ተዋት» ብትለኝ አልሰማኋትም። የበረሃ አይጥ ጠጉሩን ቀኑን ሙሉ በምላሱና በጥርሱ የሚያበጥር ፍጥረት መሆኑን አላሰብሁም። ዳማ የተቀባችውን ሁሉ ላሰችው። በማግሥቱ መብላት ተወች፤ በሦስተኛው ቀን ሞታ ተገኘች።

በሽታው ወደ ቡላ ተላልፎ ይሆናል ብዬ ላምባውን ደግሜ አነሣሁ፤ ሣጥኑን ስከፍተው ግን ባዶ ነበር። እኅቴ ከበሩ አጠገብ ቆማ «ወንድም ጋሼ፣ ቡላን ደብቄአታለሁ፤ ብትመታኝም አላወጣትም» አለችኝ። አልመታኋትም። ነገር ግን «ሁለተኛዋም ስትሞት ታያለሽ» ብዬ ተቈጥቼ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጣ። ነገሩን ብነግረው ቡላን አሳዩኝ አለ። እኅቴ ላምባ እንደማይቀባት ካስማለችው በኋላ ከልብስ ሣጥን ውስጥ አወጣቻት። ቡላም ልክ እንደ ዳማ መሥመር ሠርታ ነበር። ጓደኛዬ ጠጉሯን በሁለት ጣቱ ከፈል አድርጎ ወደ ብርሃን አቀረባትና «አቦ፣ እስቲ ቀርበህ እይ» አለኝ። ቀርቤ ባየሁ ጊዜ በጠቈረው ቆዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠኑ አዳዲስ ጠጉሮች ጥቅጥቅ ብለው ሲበቅሉ ተመለከትሁ። ቅርፊት የለም፤ ቊስል የለም፤ ማሳከክ የለም። «ይህች በሽተኛ አይደለችም፤ እያደገች ነው» አለኝ።

5ኛ፤ ጠጉር እንዴት ይበቅላል? እንዴትስ ይረግፋል?

ጓደኛዬ ያስረዳኝን፣ ከዚያም በኋላ እኔ ራሴ ያነበብሁትን በአጭሩ እንዲህ አቀርበዋለሁ።

እያንዳንዱ ጠጉር በቆዳው ውስጥ ትንሽ ከረጢት አለው። ከረጢቱ የጠጉሩ ማሕፀን ነው ለማለት ይቻላል። ይህ ከረጢት ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሦስት ጊዜያት ይፈራረቁበታል። የመጀመሪያው የሥራ ጊዜ ሲሆን በዚህ ጊዜ ጠጉሩ ይበቅላል፤ ያድጋል። ሁለተኛው ሥራው የሚቆምበትና ከረጢቱ የሚኮማተርበት አጭር ጊዜ ነው። ሦስተኛው የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ያደገው ጠጉር ሳያድግ፣ ሳይረግፍም በቦታው ተሰክቶ ይቆያል። ከረጢቱ ከዕረፍቱ ሲነቃ ከሥር አዲስ ጠጉር ይጀምራል፤ አሮጌውም በመጨረሻ ይወድቃል።

እኛም ሰዎች ብንሆን ከዚህ ሥርዐት ውጭ አይደለንም። በራሳችን ላይ 100,000 ያህል ጠጉር አለ፤ በየቀኑም ከ50 እስከ 100 ያህሉ ይረግፋል። ነገር ግን በሰው ራስ ላይ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው ጊዜ ስላለው፣ አንዱ ሲረግፍ ጎረቤቱ ያድጋል። ስለዚህ ማበጠሪያችን ላይ ካልሆነ በቀር መለወጡን አናየውም። በአይጥ ግን ጎረቤታሞች ከረጢቶች በአንድነት ይነቃሉ፤ መንቃቱም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እንደ ማዕበል ወደ ሚቀጥለው ቦታ ይዛመታል። በዳማና በቡላ ትከሻ ላይ ያየሁት መሥመር የዚህ ማዕበል ዳርቻ ነበር። ከመሥመሩ በፊት ያለው የጐልማሳ ጠጉር ነው፤ ከመሥመሩ በኋላ ያለው የሕፃን ጠጉር ነው።

የቆዳውም መጥቈር ምክንያት አለው። ለጠጉር መልክ የሚሰጠው ቀለም የሚሠራው ከረጢቱ በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቈር ያለ ጠጉር ባላቸው እንስሳት ላይ፣ አዲስ ጠጉር የሚበቅልበት የቆዳ ክፍል ጠጉሩ ሳይወጣ ይጠቍራል፤ ጠጉሩ አድጎ ሲያበቃ ቆዳው ተመልሶ ይነጣል። በሰሜን አገር የዱር እንስሳትን ቆዳ የሚነግዱ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የቆዳውን የውስጥ ገጽ ገልብጠው ያያሉ፤ የጠቈረ ከሆነ ጠጉሩ ገና በመብቀል ላይ ስለ ሆነ ዋጋውን ይቀንሳሉ። እነርሱ ዋጋ ለመቀነስ የሚጠቀሙበትን ምልክት እኔ የሞት ምልክት አድርጌ ወሰድሁት። ጥቊረቱ ግን ከሕፃን አይጥ ጀርባ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚታየው ጥቊረት የተለየ አይደለም፤ ሁለቱም የሚመጣ ጠጉር ቀለም ናቸው።

6ኛ፤ ስለ መልክ

የበረሃ አይጥ ከሩቅ ሲታይ አሸዋ ይመስላል። አንዲቱን ጠጉር ነቅሎ ለሚመለከት ግን ሦስት መልክ አላት፤ ሥሯ አመድማ፣ መካከሏ ቢጫ፣ ጫፏ ጥቁር ነው። ይህም የሚሆነው ከረጢቱ ሁለት ዐይነት ቀለም ስላለው ነው። አንዱ ጥቁር፣ ሁለተኛው ቢጫ ነው። ጠጉሩ ሲያድግ ጫፉ በመጀመሪያ ይወጣልና ከረጢቱ ጥቁሩን ቀለም ያስቀድማል፤ ቀጥሎ ለጥቂት ቀን ወደ ቢጫው ይዛወራል፤ በመጨረሻ ደግሞ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። ይህ አይጡን ከጭልፊትና ከጉጉት ዓይን የሚሰውር ልብስ ነው። በሕፃኑ ጠጉር ላይ ይህ ድርድር እንደ ዐዋቂው የጠራ አይደለም። ቡላን አመድማ፣ ዳማን ቀላ ያለች ያሰኘው ልዩነት በመጀመሪያው ጠጉር ብቻ የነበረ ነው፤ ቡላ አዲሱን ስትለብስ እርሷም እንደ ዳማ ቀላች።

በውጭ አገር በእጅ የሚራቡት ጀርቢሎች ደግሞ ብዙ መልክ አላቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ጠጉር ሲለውጡ መልካቸው ፈጽሞ ይለወጣል። «ሺመል» የሚባሉት በልጅነታቸው ባለ ቀለም ሆነው፣ ሲያድጉ ገላቸው ይነጣል፤ ቀለሙም በጅራታቸው ላይ ይቀራል። ሌሎቹ ደግሞ ነጣ ብለው ተወልደው ሲያድጉ አፍንጫቸው፣ ጆሯቸው፣ እግራቸውና ጅራታቸው ይጠቍራል። ይህ የሁለተኛው ምሥጢር በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ቀለሙን የሚሠራው ንጥረ ነገር ሙቀት ሲበዛበት ሥራውን ስለሚያቆም፣ ቀለም የሚገኘው ቀዝቀዝ በሚሉት የገላ ጫፎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጠባይ ባለው ጥንቸል ላይ ጀርባውን ላጭተው በረዶ ቢያስሩበት፣ በዚያ ቦታ የሚበቅለው ጠጉር ጥቁር እንደሚሆን ታይቷል። እንግዲህ አንዲቱ እንስሳ በድሬዳዋ ብታድግ ነጣ ያለች፣ በደብረ ብርሃን ብታድግ ጠቈር ያለች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

7ኛ፤ የመለወጫው ጊዜ የሚወሰንበት ምክንያት

የመጀመሪያውን የጠጉር ለውጥ የሚያመጣው ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አገሩ ይወስነዋል። ክረምታቸው በረዶ በሆነ አገሮች ያሉ እንስሳት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለብሳሉ፤ ለብርዱ ወፍራም፣ ለበጋው ስስ። ጊዜው መድረሱን የሚነግራቸው ብርዱ ራሱ አይደለም፤ የቀኑ ርዝመት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲረዝም ዓይን ለአንጎል ያስታውቃል፤ በአንጎልም ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ በሌሊት የምታመነጨውን ንጥረ ነገር ታበዛለች፤ ይህም እስከ ጠጉር ከረጢት ድረስ የሚደርስ ትእዛዝ ይሆናል። የሳይቤርያ ሐምስተር የሚባለው ትንሽ እንስሳ በዚህ መንገድ በክረምት ይነጣል።

ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር እንደ ሰሜኑ በአንድ ወር ሁሉም አንድ ላይ ልብሱን ሲለውጥ አይታይም። የዐዋቂ የበረሃ አይጥ ለውጥም እንደ ልጅነቱ አንድ ወጥ መሥመር ይዞ ላይሄድ ይችላል፤ እዚህም እዚያም በቊራጭ ሆኖ ቀስ እያለ ይፈጸማል።

አገር ልብስን እንደሚወስን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በመንዝ ብርድ የሚኖረው በግ ሱፍ ለባሽ ስለ ሆነ፣ ሰዎች በርኖስና ባና ይሠሩበታል። በድሬዳዋ ገበያ የሚሸጠው ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ ግን ሱፍ የለውም፤ አጭር ጠጉር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱም በጎች ናቸው፤ ልብሳቸውን የሰፋው ግን የየአገራቸው አየር ነው።

8ኛ፤ ለውጡን ከበሽታ መለያ ምልክቶች

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ ብሎ እንዲያነበው እለምናለሁ።

ሀ) ጤናማው ለውጥ ሥርዐት አለው። የሚጀምርበት ቦታ፣ የሚሄድበት መሥመር፣ የሚያልቅበት ጊዜ አለው፤ ብዙ ጊዜም የገላው ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ነው። በሽታ ግን ባገኘው ቦታ ይጀምራል፤ አንዱን ጎን ይዞ ሌላውን ሊተው ይችላል።

ለ) በጤናማው ለውጥ የሳሳው ቦታ ተከፍሎ ሲታይ አዲስ ጠጉር ይገኝበታል፤ ቆዳውም ቢጠቍር ለስላሳ ነው። በእከክ የተያዘ ቆዳ ግን ይወፍራል፤ ቅርፊት ያወጣል፤ እንስሳውም ያለ ማቋረጥ ያከዋል። ጭርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ክብ ሆኖ ጠጉሩን ከሥሩ ይሰብረዋል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ሐ) አፍንጫው ዙሪያ ብቻ ጠጉር ረግፎ ቀይ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከዓይኑ አጠገብ ካለች ዕጢ የሚወጣ ቀይ ፈሳሽ ሲጠራቀም ቆዳውን ያቈስለዋል፤ ሽቦ በመንከስም ሊመለጥ ይችላል።

መ) በጅራቱ ሥርና በዳሌው ላይ ቊስል ከታየ ከባልንጀራው ጋር ተጣልቷል ማለት ነው፤ መለየት ያስፈልጋል።

ሠ) የሞንጎልያው አይጥ በሆዱ መካከል ጠጉር የሌለበት ሞላላ ቦታ አለው፤ በወንዱ ላይ ጐላ ብሎ ይታያል። ይህ ቊስል አይደለም፤ ሽታውን በምድር ላይ የሚያኖርበት ዕጢ ነው። በእርጅና ጊዜ ግን እብጠት ሊወጣበት ስለሚችል ቢያድግ ወይም ቢቈስል ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ረ) ጠጉር የሚለውጥ ጤናማ እንስሳ ይበላል፤ ይጫወታል፤ ይቈፍራል። መብላት የተወ፣ ተኰራምቶ የሚቀመጥ ከሆነ ጠጉሩ ደኅና ቢመስል እንኳ ታሟል።

9ኛ፤ ስለ አያያዝ

በለውጡ ጊዜ እንስሳው አዲስ ጠጉር የሚሠራበት ምግብ ያስፈልገዋል። እህሉ ማሽላና ስንዴ ሆኖ ጥቂት የተቀቀለ ዕንቁላል ቢጨመርለት መልካም ነው። የባቢሌ ለውዝ እጅግ ይወዳል፤ ነገር ግን ስብ ስለሚበዛበት በቀን ከአንድ ሁለት ፍሬ ማለፍ አይገባም። ጠጉሩን በውሃና በሳሙና ማጠብ ፈጽሞ አያስፈልግም። ጥሩ ደረቅ አሸዋ በሳሕን ቢቀርብለት ራሱ እየተንከባለለ የጠጉሩን ቅባት ያስተካክላል። ላምባ፣ ቤንዚን፣ ለከብት የሚሰጥ መርጫ አይቀባ፤ የተቀባውን ሁሉ ይልሰዋልና። በጅራቱም አይያዝ፤ የጅራቱ ቆዳ ተገፍፎ በእጅ ይቀራል፤ የተገፈፈውም አይመለስም።

በመጨረሻም የዱር አይጥ ከጕድጓዱ እያወጡ ቤት ማስገባት እንደማይገባ መናገር አለብኝ። በመካከለኛው እስያ የሚኖር ትልቅ የበረሃ አይጥ የወረርሽኝ በሽታና ቆዳ የሚያቈስል ሕመም ተሸካሚ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህንንም የሚያስተላልፉት ቊንጫና የአሸዋ ዝንብ ናቸው። እኅቴ የእናታቸውን ሞት አይታ ራርታ ያደረገችውን እኔ አልነቅፍባትም። ይሁን እንጂ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ልጆችም ጕድጓድ እየቈፈሩ እንዳያወጡ ይመከሩ።

10ኛ፤ ማጠቃለያ

ቡላ ለውጧን ለመፈጸም ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደባት። መሥመሩ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ ጅራቷ ሥር ሲሄድ እኅቴ በየቀኑ በደብተሯ ላይ አይጥ እየሣለች መሥመሩን በእርሳስ ታመለክት ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ተምሬ ያላደረግሁትን እርሷ በአራተኛ ክፍል ደብተር አደረገችው፤ ከመፍረዷ በፊት ተመለከተች። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጧት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ አበባ ልትሰጠኝ ስትመጣ ቡላን በመዳፏ ይዛት ነበር። የአሮጌው ጠጉር ምልክት በጅራቷ ሥር እንኳ አልቀረም። «ወንድም ጋሼ፣ ዳማም ብትኖር ዛሬ እንዲህ ትሆን ነበር አይደል?» አለችኝ። «አዎን» አልኋት፤ ሌላ የምመልሰው አልነበረኝም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች የቃልን ትርጉም ሳናረጋግጥ ግጥም አንተረጕምም፤ ሁለት ምስክር ሳንሰማ የታሪክ ፍርድ አንሰጥም። በእጃችን ላይ ስላለች ነፍስ ግን ያለ አንድ ምስክር እንፈርዳለን። ምስክሩ ቅርብ ነበረ፤ ጠጉሯን በሁለት ጣት ከፈል አድርጎ ወደ ብርሃን ማቅረብ ብቻ ይበቃ ነበር። ከእናንተ መካከል በቤቱ እንስሳ የሚያሳድግ ቢኖር፣ ጠጉሩ ሲሳሳ ባየ ጊዜ መድኀኒት ከማንሣቱ በፊት ይህን ያድርግ።